ለወንድሟ ያላደላች ዳኛ

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባላልና ከስሟ እንጀምር። «እትዬ ሚዛን» ቅጽል ስም ነው። ሠላሳ ሁለት ዓመት ሒሳብ ስታስተምር ተማሪዎቿ አወጡላት፣ መምህራኑ ተቀበሉት፣ ጎረቤቱም ለመደው፤ በመጨረሻ እሷ ራሷ ስልክ ስታነሳ «ሚዛን ነኝ» ማለት ጀመረች። ስሙ የወጣው በታናሽ ወንድሟ ምክንያት ነው። ልጁ አምስተኛ ክፍል ሳለ እሷ ዘንድ ይማር ነበር፤ አንድ ፈተና ላይ ሁሉንም በትክክል ሠርቶ ዘጠና ዘጠኝ ተኩል ሰጠችው። ግማሿ የተቀነሰችው ከመጨረሻው መልስ ሥር መስመር ስላላሰመረ ነው። አጠገቡ የተቀመጠው ልጅም አላሰመረም፤ እሱ ግን መቶ አገኘ። ያኛው የሰው ልጅ ነዋ! ወንድሟን ብትምረው «አዳላች» ልትባል ነው። ተማሪው ይህን አይቶ ሚዛን አላት፤ ያቺ ሚዛን ወደ አንድ ወገን ማዘንበሏን ያስተዋለ አንድም ሰው አልነበረም። እሷም ያን ቀን ኮራ ብላ ወደ ቤቷ ሄደች።

ጡረታ ስትወጣ የምእመናን ማኅበሩ ፈለጋት። ማኅበሩን የከተማው ጸሎት ቤቶች በጋራ ነው ያቋቋሙት፤ ለልጆች የሚሠሩ ፊልሞችን አይቶ «ለቤተሰብ ሁሉ» የሚል ማኅተም የሚመታ አምስት ሰዎች ያሉት ኮሚቴ አለው። ማኅተሙ ሕግ አይደለም፤ ግን ከሕግ ይበረታል። ማኅተም ለሌለው ፊልም ትምህርት ቤቶች በዕረፍት ጊዜ ተማሪ ይዘው አይሄዱም፤ እናቶችም በየጸሎት ቤቱ በር ላይ የሚለጠፈውን ዝርዝር ሳያዩ ልጅ ይዘው አይወጡም። እትዬ ሚዛን የዚህ ኮሚቴ ሊቀመንበር ሆነች፤ እንደ ገባችም ደንብ ጻፈች።

የደንቡ ዋና ነገር ዝምታ ነው። ፊልሙ አልቆ መብራት ከበራ ጀምሮ፣ ሊቀመንበሯ ውጤቱን ከነምክንያቱ መዝገብ ላይ ጽፋ እስክትፈርም ድረስ ማንም ትንፍሽ አይልም። አራቱ አባላት በየወረቀታቸው «ይለፍ» ወይም «አይለፍ» ብለው፣ ምክንያታቸውን በአንድ በሁለት መስመር ጽፈው፣ አጥፈው ባዶ የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ይከታሉ። ስም አይጻፍም። እኩል ለእኩል ከሆነ ብቻ ሊቀመንበሯ ትወስናለች። አንዴ የተወሰነበት ፊልም እስከ ዓመቱ ዳግመኛ ኮሚቴው ፊት አይቀርብም። ደንቡ ያለ ምክንያት አልመጣም። ከሷ በፊት አንድ ጊዜ ስለ አንዲት ፍየል የተሠራ የካርቱን ፊልም ሲታይ ከአባላቱ አንዱ የሆኑት ሰባኪ መሃል ላይ «ኧረ ጉድ» ስላሉ ብቻ ሦስት ሰው ተከትሏቸው ምስኪኗን ፍየል ጥለዋታል። ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች ማለት ይኸው ነው። እትዬ ሚዛንም ሰው ዝም ካለ የራሱን ብቻ ያስባል ብላ አመነች። ሰው ዝም ሲባል የባሰውን ስለ ሌላው እንደሚያስብ ማን ይንገራት።

ታናሽ ወንድሟ ፊልም ሠሪ ሆነ። የቤት ስሙ ጭራሮ ነው፤ ከልጅነቱ ጀምሮ አጥንቱ ይቆጠር ነበር፣ በአርባ አምስት ዓመቱም ያው ነው። ዘጠኝ ዓመት አንድ ፊልም ላይ ሲማስን ከርሞ፣ አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ እህቱ ቤት መጣ። እሷ ድንች እየላጠች ነበር።

«አንተ ግን መቼ ነው ሰው የምትመስለው?» አለችው ገና ሳይቀመጥ። «ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ፊልም ነው ስትበላ የከረምከው?»

«እሱ ነው እኔን የበላኝ፣ እትዬ። አልቋል። ማክሰኞ እናንተ ጋ ይገባል።»

ቢላውን አስቀመጠች። የትኛው ፊልም እንደሆነ መጠየቅ አላስፈለጋትም። የአባታቸውን መጽሐፍ ነው ፊልም ያደረገው።

አባታቸው የሃይማኖት አስተማሪ ነበሩ። በሕይወታቸው አንድ መጽሐፍ ብቻ ጻፉ፤ እሱ በየቤቱ ገባ። ታሪኩ ንጋት መምጣት ስላቆመበት ከተማ ነው። የአንድ ቤት አራት ልጆች ንጋትን ሊያመጡ ይነሳሉ፤ ጀርባዋ ላይ ፋኖስ በተደረደረባት ግዙፍ ኤሊ ተሳፍረው የቀለም ሐይቅ ያቋርጣሉ፤ በመጨረሻ ከንጋት ደጅ ይደርሳሉ። ደጁን የሚጠብቁት ሽማግሌ እያንዳንዱን «ውስጡን ሳታይ ታምናለህ?» ብለው ይጠይቃሉ። ሦስቱ «አዎ» ብለው ይገባሉ። ትንሹ «አላውቅም» ይላል። መጽሐፉም «ትንሹ ከደጅ ውጭ ቀረ» ብሎ ያልቃል። ሰባኪዎች ይጠቅሱታል፣ እናቶች ልጅ ሲገሥጹ ያነቡታል። በዚያ ቤት ላደገ ሰው ግን ትንሹ ልጅ ማን እንደሆነ ግልጽ ነው። ጭራሮ የሰባት ዓመት ልጅ ሳለ ከጸሎት በኋላ «የሚሰማን እንዳለ በምን እናውቃለን?» ብሎ ጠየቀ። አባትየው አልመቱትም። መጽሐፍ ጻፉበት።

በአሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ጸሎት ቤት መሄድ አቆመ፤ አባቱም «እኔ በሕይወት እያለሁ ይህን ደጅ እንዳትረግጥ» አሉት። ከአራት ዓመት በኋላ ሳይታረቁ ሞቱ። ልጁ ሻንጣውን ይዞ ሲወጣ እትዬ ሚዛን ኮሪደሩ ላይ ቆማ ነበር፤ «ተው አባባ» አላለችም። አባት ናቸው፣ ማን ይደፍራቸዋል። ይሁን እንጂ ነገሩን ረስታው አታውቅም፤ አንዳንድ ቀን ውስጥ ውስጡን ይበላታል።

«እኔማ ከስብሰባው እወጣለሁ» አለችው። «ወንድሜ ነህ፤ እኔ አንተን መዳኘት አይሆንልኝም።»

«ከወጣሽ ኮሚቴው አልሞላም ተብሎ ለሦስት ወር ይተላለፋል። ደንቡን አንብቤዋለሁ፤ የጻፍሽውም አንቺው ነሽ። ሦስት ወር ከተላለፈ የትምህርት ቤት ዕረፍት ያልፋል፤ አዳራሾቹም ለሌላ ፊልም ይሰጣሉ። የልጆች ፊልም ያለ ልጆች ምን ይሆናል?»

«እና ምን አድርጊ ነው የምትለኝ?»

«ምንም። እንደ ማንም ሰው ፊልም እይው። ጥሩ ከሆነ ጥሩ ነው በይ፤ መጥፎ ከሆነ መጥፎ ነው በይ። ሌላ አንዲት ነገር አልለምንሽም።»

«መጥፎ ነው ብልህስ?»

«መጥፎ ነው ብለሽ ካመንሽ እቀበላለሁ። ከአንቺ ከመጣ እቀበላለሁ።»

«መጨረሻውን ነክተኸዋል?»

«ታይዋለሽ» አለና አንድ ጥሬ ድንች አንስቶ እንደ ልጅነቱ ወደ ላይ እየወረወረ መቅለብ ጀመረ። እሷም «አስቀምጥ፣ ምግብ ነው» ብላ ተቆጣችው። ያን ቀን እራት አብረው በሉ፤ ደስ ብሏቸውም ተለያዩ።

ማክሰኞ ጠዋት አምስቱ በማኅበሩ ምድር ቤት ተሰበሰቡ። ክፍሉ ድሮ የወንበር ማከማቻ ነበር፤ መስኮቶቹ በጥቁር ጨርቅ ተጋርደዋል፣ ግድግዳው እርጥበት እርጥበት ይሸታል፣ ወንበሮቹ ሰው በተነቃነቀ ቁጥር ሲጥ ይላሉ። ከሷ ሌላ ሰባኪው፣ ጠበቃው፣ ነርሷና ጡረታ የወጡት የትምህርት ቤት ዳይሬክተር አሉ።

«ከመጀመራችን በፊት» አለች፣ «የፊልሙ ሠሪ ታናሽ ወንድሜ ነው። ይመዝገብልኝ።»

«እናውቃለን። እርስዎን ማን ይጠረጥራል» አለ ጠበቃው፤ ፈገግም አለ።

ጉዱን ያመጣችው ያቺ ፈገግታ ናት። ጠበቃው ክፉ ሰው አይደለም፤ ከልቡ ነው የተናገረው። እሷ ግን ፈገግታው ላይ «ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ከአመዱ» የሚል ነገር አነበበች፤ አንዴ ካነበበችው በኋላ ደግሞ አልለቅ አላት። ፊልሙ ሳይጀመር ትከሻዋ ደነደነ።

እንደ ልማዷ እርሳስ ይዛ ተቀመጠች። ጉድለቱን ቶሎ ቶሎ ለቀመች። ትልቋን ልጅ ሆና የምትጫወተው ልጅ ስትናገር ጽሑፍ የምታነብ ትመስላለች፤ የቀለሙ ሐይቅ ጉዞ ረዝሟል፤ ሙዚቃው አልቅሱ አልቅሱ ይላል። ኤሊዋ ግን፣ ወይ ኤሊዋ! ፋኖሶቿ አንድ በአንድ ሲበሩ ነርሷ አፏን ከፍታ ቀረች፤ ዳይሬክተሩም ወንበራቸውን ሲጥ እያደረጉ ወደ ፊት ተጠጉ። ልጆቹ ከደጁ ሲደርሱ እትዬ ሚዛን እርሳሷን ጨበጥ አደረገች። ሽማግሌው ጠየቁ፤ ሦስቱ ገቡ፤ ትንሹ «አላውቅም» አለ።

መጽሐፉ እዚህ ላይ ያልቃል። ፊልሙ አላለቀም። ሽማግሌው ልጁን ትክ ብለው አዩት፤ ከዚያ እሳቸው ራሳቸው ከደጁ ወጡ፣ በሩን በውጭ በኩል ዘጉት፣ ጉልበታቸውን ይዘው ቀስ ብለው ከልጁ አጠገብ ደረጃው ላይ ተቀመጡ። «እኔም ቶሎ አላወቅሁም» አሉት። «ቁጭ በል፣ አብረን እንጠብቅ።» ሁለቱ ዝም ብለው ተቀመጡ። ንጋቱም የወጣው በደጁ ውስጥ አልነበረም፤ እነሱ በተቀመጡበት በኩል ነበር።

እትዬ ሚዛን እርሳሷን አስቀመጠች። የአባቷ ቤት ኮሪደር ታያት፤ ሻንጣው ታያት፤ አንድ ሰው፣ አንድ ሰው ብቻ ወጥቶ ከልጁ ጋር ደረጃው ላይ ቢቀመጥ ኖሮ አለች በሆዷ። እምነቷን የሚነካ ነገር አንድም አላየችበትም። እንዲያውም ስታምንበት የኖረችውን ነገር ነው ያየችው፤ እስከዚያ ቀን ድረስ ደፍሮ የሚናገርላት ሰው አጥታ ነው።

መብራት በራ። ሰባኪው መነጽራቸውን አውልቀው ይወለውላሉ። ዳይሬክተሩ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረዋል። ጠበቃው ከወንበሩ ሥር የጠፋበት ነገር ያለ ይመስል ጎንበስ ብሎ ቀርቷል። ነርሷማ ሳትደብቅ ታለቅሳለች። እትዬ ሚዛን ጥርሷን ነክሳ መዝገቡን ገለጠች። ደንብ ነውና ትንፍሽ ያለ የለም፤ እስክሪብቶ ሲጫር ብቻ ይሰማል።

ወረቀቶቹን አንድ በአንድ ከቆርቆሮው አወጣች። የሁሉንም እጅ ጽሑፍ ታውቃለች፤ አላውቅም ትላለች እንጂ። የነርሷ «ይለፍ። ልጆቼን ይዤ እንደገና አየዋለሁ» ይላል። የዳይሬክተሩ «አርባ ዓመት ልጅ ስቀጣ ኖርኩ። ይለፍ» ይላል። የሰባኪው «አይለፍ። የመጽሐፉ ሃይማኖታዊ ፍጻሜ ተለውጧል» ይላል። አራተኛው የጠበቃው ነው፤ ያ ፈገግ ያለው። «አይለፍ። ከመጽሐፉ ጋር አይስማማም።»

ሁለት ለሁለት። ሁሉም አንገታቸውን ደፍተው ይጠብቃሉ።

እውነቱን እንነጋገር ከተባለ፣ በዚያች ሰዓት ስለ ፈጣሪም ስለ ልጆችም አንዲት ሐሳብ አላሰበችም። ያሰበችው ስለ ስሟ ነው። ሰባኪው ተቃውመው፣ የሕግ ሰው ተቃውሞ፣ ወንድሟን በራሷ ድምፅ ብታሳልፍ ነገ በየጸሎት ቤቱ በር ምን ይባላል? «ሚዛን ሚዛን ስትሉ ነበር፣ ይኸው ሚዛናችሁ» ነው የሚባለው። የሌላ ሰው ፊልም ቢሆን ሳታመነታ ታሳልፈው ነበር። ይህን ታውቃለች። እያወቀች እስክሪብቶዋን አነሳች፦ «አይለፍ። ለሕፃናት የተጻፈው ሃይማኖታዊ ትምህርት ተለውጧል። ያላመነው ልጅ በተግሣጽ ፋንታ ሽልማት አግኝቷል።» ፈረመች። ማኅተሙን «አልተፈቀደም» በሚለው ቦታ ላይ መታችው። ከዚያ ጮክ ብላ አነበበችላቸው።

መጀመሪያ የተናገሩት ሰባኪው ናቸው።

«አልገባኝም። እርስዎም አይለፍ አሉ?»

«አልኩ።»

«እኔ እኮ... እኔ እርስዎ ያሳልፉታል ብዬ ነው» አሉ፤ ፊታቸው አመድ መሰለ። «ነገ አንዳንድ ምእመናን መጽሐፉ ተነካ ብለው ቢነሱብኝ ‹እኔ ተቃውሜ ነበር› ለማለት ያህል ነው የጻፍኩት። ማለፉ አይቀርም ብዬ። ወንድምዎ አይደል እንዴ።»

ጠበቃው ግንባሩን ይዞ ተቀምጧል። «እኔም ያው ነኝ» አለ ቀስ ብሎ። «ሁሉም በአንድ ድምፅ ለሊቀመንበሯ ወንድም አሳለፈ እንዳይባል፣ አንድ ተቃውሞ ቢኖር መዝገቡ ያምራል አልኩ። ለእርስዎ ብዬ ነው። አንድ ነበር ያልኩት። እሳቸውም ይጽፋሉ ብዬ በምን ልወቅ።»

እንግዲህ ፍረዱ። አምስት ሰው ፊልሙን ወደደው፤ አምስት ሰው እንባውን ዋጠ ወይም አፈሰሰ፤ ፊልሙ ግን ወደቀ። አንዱ በሌላው ተማምኖ እጁን ታጠበ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ፣ አሁን ሁሉም አዋቂ ሆነ።

«ታዲያ ምን ችግር አለ» አለች ነርሷ እንባዋን እየጠረገች። «ገጹን ቅደዱትና እንደገና እንምረጥ። እዚህ ያለነው አምስት ሰዎች ነን።»

«ልክ ነች» አሉ ዳይሬክተሩ። «የልጆች ነገር ነው፤ ኃጢአት የለውም።»

ሰባኪውና ጠበቃውም ራሳቸውን ነቀነቁ። አራት ለዜሮ። እትዬ ሚዛን መዝገቡ ላይ እጇን ጭና ተቀምጣለች። እንዲህ ያለ ዕድል በሕይወት ሁለት ጊዜ ለሰው አይሰጥም፤ ለሷ ግን በአሥር ደቂቃ ውስጥ ሁለተኛው መጣላት።

«ተፈርሟል» አለች።

«ስለተፈረመ ነው እኮ ይቅደዱት የምልዎት።»

«ለወንድሟ ስትል የፈረመችውን ቀደደች እንዲሉኝ? ደንቡ ለማንም ያው ነው። ዓመቱ ሲደርስ ያመልክት።»

«ዓመቱ ሲደርስማ ምን ፊልም አለ» አለች ነርሷ። «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ እርስዎ ግን ሞኝ አይደሉም። እያወቁ ነው።» ቦርሳዋን አንስታ ወጣች፤ ወደዚያ ኮሚቴም አልተመለሰችም።

እትዬ ሚዛን ወረቀቱን በሌላ ሰው እጅ መላክ ትችል ነበር። እኔው ራሴ እነግረዋለሁ ብላ ሄደች፤ ይህንንም እንደ ጀግንነት ቆጠረችው። የወንድሟ ሥራ ቦታ ከአንድ ጫማ ጠጋኝ ሱቅ በላይ ያለች ጠባብ ክፍል ናት። ደረጃው በማጣበቂያ ይሸታል። ውስጥ ሁለት የኮምፒውተር ማሳያ፣ የተገጣጠበ ሶፋ፣ ግድግዳው ላይ በእርሳስ የተሣሉ የኤሊዋ ሥዕሎች አሉ፤ የመጀመሪያው ወረቀት ዳር ዳሩ ቢጫ ሆኗል። ወረቀቱን ሰጠችው። ቆሞ አነበበው፤ ተቀምጦ ደግሞ አነበበው።

«ምክንያቱን የጻፍሽው አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኝ።»

«እሺ» አለ። «እሺ እትዬ። ብዬሽ ነበር፤ ከአንቺ ከመጣ እቀበላለሁ። ሰው የመሰለውን ነው የሚፈርደው። መጨረሻው አልዋጥልሽ ካለ ምን ይደረጋል። እኔም ስቀርጸው ፈርቼ ነበር። ዘጠኝ ዓመት አንድ ነገር ላይ ከተፈጠጠ ዓይን ይፈዛል፤ ምናልባት አባባ ልክ ነበሩ፣ ታሪኩ እዚያው ማለቅ ነበረበት። ምናልባት እኔ ነኝ ያበላሸሁት።»

ይህን መስማት አቃታት። የገዛ ወንድሟ ከፊቷ ተቀምጦ የሠራውን ነገር በገዛ እጁ ሲያፈርሰው አየች። ላጽናናው ብላ አፏን ከፈተች፤ ባትከፍተው ይሻል ነበር።

«አላበላሸህም» አለችው። «ወድጄዋለሁ። እንዲህ ያለ ፊልም በዕድሜዬ አላየሁም። እንባዬን መዋጥ አቅቶኝ ነበር። ሁሉም አልቅሷል፣ ሰባኪው ሳይቀሩ።»

ቀና ብሎ አያት። «ወደድሽው?»

«በጣም።»

«ታዲያ ይሄ ምንድን ነው?»

«ሁለት ለሁለት ሆነ... እኔ ልወስን ነው... እህቱ ናት ይላሉ አልኩ። አንተም ታውቀዋለህ፣ የሰው አፍ...»

ጭራሮ ወረቀቱን አጥፎ ጠረጴዛው ላይ አኖረው። ድምፁን ከፍ አላደረገም፤ ከፍ ቢያደርግ ኖሮ ለሷ በቀለላት።

«አባባ ከቤት ሲያስወጡኝ ሌሊቱን ሲያለቅሱ እንዳደሩ የነገርሽኝ አንቺ ነሽ» አለ። «እያለቀሱ ያደረጉት ስላመኑበት ነው። ልጄ ይድናል ብለው ነው። ይሄን ሃያ ምናምን ዓመት ለራሴ ስነግረው ኖሬ፣ በሱ ይቅር አልኳቸው። አንቺን በምን ይቅር ልበልሽ? ጥሩ ነው ብለሽ እያመንሽ ነው የጣልሽኝ።»

«ተቆጣኝ፤ ስደበኝ።»

«አልሰድብሽም። እንዳላዳላሽ አይቻለሁ፤ ሰውም ያያል። የፈለግሽው እሱን አልነበር?»

ለሦስት መቶ ፊልም ምክንያት የጻፈች ሴት ለወንድሟ የሚሆን አንድ ምክንያት አጣች። ቦርሳዋን ይዛ ደረጃውን ወረደች። እሱም ወደ ኮምፒውተሩ ዞረ።

ትምህርት ቤቶቹ ፊልሙን አልያዙም። አዳራሾቹ ሁሉ ሰረዙት፤ ከከተማው ዳር ያለ አንድ ትንሽ አዳራሽ ብቻ ለሁለት ሳምንት አሳየዋለሁ አለ። ጭራሮ ለእህቱ አልደወለም። እሷ ስትደውል ያነሳል፤ ደህና ነኝ ይላል፤ ጤናሽ እንዴት ነው ይላል፤ ሥራ አለብኝ ይላል። እንደ ሩቅ ዘመድ ሆኑ።

በሁለተኛው ሳምንት የማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ዋለ። አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቷል። ሰብሳቢው በመጨረሻ ላይ እትዬ ሚዛንን ወደ መድረክ ጠሩ፤ በመስታወት የተገጠመ የምስጋና ወረቀት አበረከቱላት። ጽሑፉን ያነበበው ጠበቃው ነው፤ ያዘጋጀውም እሱ መሆን አለበት፣ ዓይኗን ማየት አልቻለም። «ለገዛ ወንድሟ እንኳ ሳታዳላ እውነትን ለፈረደች» ይላል። ሕዝቡ ተነስቶ አጨበጨበ። ሠላሳ ሁለት ዓመት አስተምራ፣ አሥራ አንድ ዓመት ዳኝታ፣ እንዲህ ተጨብጭቦላት አያውቅም። የፈለገችውን አገኘች፤ የምስጋናውን ወረቀት ግን ጽሑፉን ወደ ውስጥ አዙራ በብብቷ ሥር ሸጎጠችው።

ስትወርድ ሰው ከበባት። አንዱ እጇን ይጨብጣል፣ አንዷ ትከሻዋን ትስማለች። ሰባኪው አጠገቧ ቆመው «የሚገባዎት ነው» ይላሉ። አንዲት እናት የስድስት ዓመት ግድም ሴት ልጇን እጅ ይዛ ሕዝቡን ሰንጥቃ መጣች።

«እርስዎን ለማመስገን ነው» አለች እናትየው። «ይቺ ልጅ ያቺን ኤሊ ማስታወቂያ ላይ አይታ መቆሚያ መቀመጫ ነሥታኛለች። ለልደቷ ሌላ ነገር አልፈልግም አለች። ቤታችን ደግሞ ከዚያ ዳር ካለው አዳራሽ አጠገብ ነው፤ እስከ ቅዳሜ ይታያል አሉኝ። ልወስዳት ትኬት ልቆርጥ ስል ነው የእርስዎን ዝርዝር ያየሁት። በጣም መጥፎ ፊልም ነው አይደል?»

ልጅቷ ቀና ብላ እያየቻት ነው። እትዬ ሚዛን አፏን ከፈተች። «ጥሩ ፊልም ነው፣ ውሰጃት፤ እኔ ነኝ የተሳሳትኩት» ለማለት ነበር የከፈተችው፤ ቃሉ ምላሷ ላይ ደርሶ ነበር። ይህን ብትል ማንም አያስራትም። አንዲት ልጅ ኤሊዋን ታያለች፤ ወሬው ለሌላዋ እናት ይደርሳል፤ ቅዳሜ ሳይመጣ ወንድሟም ይሰማል። ይህን ስታስብ ሰባኪው ጠጋ አሉ። ጠበቃው ዞር አለ። በዙሪያዋ ያሉት ሁሉ ምን ትል ይሆን ብለው ጆሯቸውን ሰጡ፤ የምስጋናው ወረቀትም በብብቷ ሥር ነው።

«ለልጅ አይሆንም» አለች።

እናትየዋ «ዕድሜ ይስጥልኝ» ብላ እጇን በሁለት እጆቿ ጨበጠቻት። ልጅቷ ማልቀስ ጀመረች፤ እናቷም «ሰማሽ አይደል» እያለች ይዛት ወጣች።